ከግድግዳው ጋር የተቆራኙት ሽማግሌ

በሩ ዝቅ ያለ ስለነበር ጎንበስ ብሎ መግባት ያስፈልግ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ለማንም ጎንበስ ማለት አልፈለግኩምና ቀና ብዬ ገባሁ፤ ግንባሬን ከድንጋዩ ጋር አላተምኩት። ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። "እንኳን ደህና መጣህ፤ ሁላችንንም እንዲሁ ነው የተቀበለን" አለኝ። ያንን ቤት መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በግንባሬ ነው።

ቤት ልበለው እንጂ ቤት አልነበረም። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ጣሊያን ኮረብታውን ቦርቡሮ የሠራው መጋዘን ነው። ጣሪያው አለት፣ ግራና ቀኙ አለት፣ ፊት ለፊቱና ከጀርባ ያለው ግድግዳ ብቻ በድንጋይ የታነጸ። መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ለብዙ ዓመት ማዳበሪያ ሲቀመጥበት ኖሮ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ፖሊስ ጣቢያዎቹ ሲሞሉ ማዳበሪያው ወጣና እኛ ገባን። ሽታው ግን ከእኛ ጋር ቀረ፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያስለቅሳል።

እንጅባራ ላይ ባጃጅ እነዳ ነበር። የታሰርኩት ባለመሥራቴ ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው በሩን ዘግቶ ቤቱ ሲቀመጥ እኔም ባጃጄን አቁሜ ተቀመጥኩ። በኋላ ከጎማ ጠጋኙ በር ላይ ያዙኝና አንደኛው "ለምን አልሠራህም?" ብሎ ጠየቀኝ። "አሞኝ ነው" ብል ኖሮ የሚተወኝ ይመስለኛል። "አገሩ ሁሉ ቤቱ ተኝቶ ማንን ልጫን?" አልኩት። እናቴ "አንተን አንድ ቀን የሚያስርህ ምላስህ ነው" ትለኝ ነበር፤ ትንቢቷ ደረሰ።

እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ከታሰርኩም በኋላ ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር። ሰዉ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ በተቀመጠበት መሐል መራመጃ ፈልጌ እመላለሳለሁ፤ የአንዱን እግር እረግጣለሁ፣ ከአንዱ ጋር እነታረካለሁ። ካቦው ሰለቸው። ካቦ የሚባለው እስረኛው ራሱ የሚመርጠው አለቃ ነው፤ የኛው የአዘና ሰው፣ ከሰል ነጋዴ፣ በር የሚያህል ሰው ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ እንጂ! ያለችንን አየር ጨረስካት እኮ" አለኝ።

ተቀመጥ ሲባል ቦታ ፈለግኩ። ሁሉም ጀርባውን የሚያስደግፍበት ግድግዳ አጥቶ ሲጋፋ፣ የጀርባው ግድግዳ ለብቻው ባዶውን ቆሟል። ማንም አልተጠጋውም። እነዚህ ሰዎች ጅሎች ናቸው አልኩ በሆዴ፣ ሄጄም ዘና ብዬ ተደገፍኩት። ወዲያው አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ጋቢ የለበሱ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ።

"ልጄ፣ ጀርባህን ከዚያ ግድግዳ አንሣ።"

"ምነው አባባ፣ የእርስዎ ነው እንዴ?"

"የኔም አይደለ፣ የማንም አይደለ። አንሣ ብቻ።"

ካቦው ከወዲያ ጮኸ፤ "የሚሉህን ስማ! እሳቸው የታሰሩት በዚያው ግድግዳ ነው።"

ነገሩን ቀስ በቀስ ሰማሁ። ሽማግሌው ከኮረብታው ጀርባ ያለው መንደር ገበሬ ናቸው። ቤታቸው አገውኛ ይናገራሉ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ፤ ሲቆጡ ደግሞ ሁለቱንም ይቀላቅላሉ። ከኮረብታው ላይ ለተደራጁ ወጣቶች የቀርከሃ መሥሪያ ሼድ ሊሠራ ነው፣ ሕዝቡ ወጥቶ መሠረት ይቆፍር ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። እሳቸው ይነሡና "ይህ ኮረብታ ሆዱ መርዝ ነው። ጣሊያን ያስቀመጠው ነው። በአባቴ በቅሎ ነው የገባው። ድጅኖ እንዳታሳርፉበት" ይላሉ። በማግሥቱ አንድም ሰው ለቁፋሮ አልወጣም። በዚያ ወቅት የቆመ ነገር ሁሉ አድማ ይባል ነበርና ሕዝብ የሚያሸብር ወሬ ነዝተዋል ተብለው ተያዙ። ጣቢያው ስለሞላ ያመጧቸው እዚያው ኮረብታ ሆድ ውስጥ ነው።

"ስለ ቤቱ ብናገር ቤቱን ሰጡኝ" ይሉና እየሳቁ ያስሉ ነበር።

አባታቸውን በጣሊያን ጊዜ ከነበቅሎዎቻቸው በግድ ይዘዋቸው ነበር። የሚጭኑት ከባድ የብረት በርሜል ነው። ነጮቹ ራሳቸው ጭንብልና ጓንት ሳያደርጉ አይጠጉትም። ባላገሩ በባዶ እጁ ያራግፋል። አንዱ በርሜል አንዲት በቅሎ ላይ ቢያንጠባጥብ በማግሥቱ ጀርባዋ እንደተቀቀለ ድንች ተላጠ፤ የአባታቸውም ሁለት ጣቶች ዕድሜ ልካቸውን እንደተጣበቁ ቀሩ። ጣሊያኖቹ ሲወጡ ውስጠኛውን ክፍል በድንጋይ ዘግተውት ሄዱ። የመንደሩ ሰው ደግሞ ከላዩ ሌላ ግንብ ደረበበትና ማንም ላይነካው ተማማለ።

"አባቴ ሲሞት ያወረሰኝ መሬት ትንሽ ነው። ይህ ነገር ግን እንዳይጠፋ አደራ ብሎኝ ነው የሞተ" አሉኝ።

አላመንኳቸውም። ያን ያህል ዘመን የተዘጋ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ አሰብኩ። እኔን ያስጨነቀኝ ከፊት ያለው በር እንጂ ከኋላ ያለው ግድግዳ አልነበረም። ቢሆንም ጀርባዬን አነሣሁ፤ ሽማግሌ ተናግሮ እንቢ ማለት አይሆንልኝም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ በሩን እየደበደበ፣ አይሱዙ መኪና ሌሎች እስረኞችን ጭኖ መጣ። ሳጅኑ የእጅ ባትሪ ይዞ ገባና ቦታ የለም አልነው። ሳጅኑ የዚያው አገር ልጅ ነው። ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም፤ የተጣደፈ ሰው ነበር። የተጣደፈ ባለ ሥልጣን ደግሞ ከክፉው ብዙም አይርቅም። በዱላው የጀርባውን ግድግዳ ኳ ኳ አደረገው። ባዶ ድምፅ ሰጠ።

"ከኋላው ክፍል አለ" አለ። "አፍርሱትና ቦታ ይስፋችሁ።"

ሽማግሌው ተነሡ። "ሳጅን፣ ልጄ፣ እባክህ አድምጠኝ..."

"አንተ ዝም በል! እዚህ ያስገባህ ይኸው ወሬህ አይደለም እንዴ?"

አባቱን በሚያህል ሰው ላይ "አንተ" ሲል ብዙዎቻችን አቀረቀርን። ድጅኖ መጣ። "ማን ይጀምራል?" ሲል ግን ከማንም በፊት የተነሣሁት እኔ ነኝ። ክንዴ ሥራ ናፍቆት ነበር፤ ግድግዳ አፍርስ ቢሉኝ፣ ተራራ ግፋ ቢሉኝ፣ ብቻ ተቀመጥ አይበሉኝ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው እጅጌዬን ቢይዙኝ ቀስ ብዬ አስለቀቅኳቸው።

መታሁት። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ጭቃው ረገፈ፣ ድንጋዩ ተነቃነቀ፣ ደግሜ ስመታው አንዱ ወደ ውስጥ ወደቀ። ከወደ ውስጥ የብረት ድምፅ ተሰማ። የሰው ጭንቅላት የምታሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተች፣ ከእሷም ቀዝቃዛ አየር መጣ። አየሩ ይሸታል። የምን ሽታ እንደሆነ ሁላችንም እኩል አወቅነው።

"ሰናፍጭ!" አለ አንዱ። "ኧረ ማነው ሰናፍጭ አስገብቶ ለብቻው የሚበላ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ደረቅ ዳቦ የሰለቸን ሰዎች ነን፤ የጾም ገበታ ፊታችን የቀረበ መሰለን። እኔ ራሴ ምራቄን ዋጥኩ። ያልሳቁት ሽማግሌው ብቻ ናቸው፤ የመርዙ ሽታ ሰናፍጭ ሰናፍጭ እንደሚል ከአባታቸው ሰምተዋል።

ሳጅኑ ገፋ አደረገኝና እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ብብቱ ወደ ቀዳዳዋ አስገባ። ውስጡን ዳሰሰው። "ሰፊ ነው! በርሜል አለበት" አለ። ክንዱን ሲያወጣው ዘይት የነካው ይመስላል፤ ከሱሪው ላይ ጠረገው። ፊቱ ተለወጠ። "ናፍጣ ነው። ማነው እዚህ ናፍጣ የደበቀው? በል፣ አንተ ባለ ድጅኖ፣ ሰፋ አድርገህ ምታው፤ አንዱን አውጥተን ከፍተን እናየዋለን።"

ድጅኖውን ወደ ላይ አነሣሁ።

"በሕግ አምላክ!"

ያ ቀጭን ሽማግሌ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ድጅኖዬ አየር ላይ ቀረ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ ሳይወስን እግሩ ይቆማል። ሌባ ይቆማል፣ ዱላ ያነሣ ይቆማል፤ ልጆች ሆነን ስንባረር እንኳ አንዳችን "በሕግ አምላክ" ካለ አሳዳጁ ባለበት ይገተር ነበር። እኔ ብቻ አይደለሁም። ሳጅኑም መዳፉ ከሱሪው ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። በር ላይ የነበሩት ሁለት ፖሊሶችም ደርቀው ቆሙ። ካቦው ባርኔጣውን አውልቆ ያዘ።

መጀመሪያ የነቃው ሳጅኑ ነው። መቆሙ አሳፍሮት ነው መሰለኝ ጮኸ።

"የምን ሕግ ነው! አሁን ያለው አዋጅ ነው። ሕጉ ታግዷል!"

"ሕጉ ይታገድ" አሉ ሽማግሌው። "አምላኩንም አገዳችሁት?"

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ወደ ሳጅኑ ቀረቡና የጋቢያቸውን አንድ ጫፍ ዘረጉለት። "ና እንቆራኝ። ዳኛ ፊት አብረን እንቅረብ። የተናገርኩት ውሸት ከሆነ ከዚያ ወዲያ በሰንሰለት እሰረኝ" አሉት። ቁራኛ የጥንት ነገር ነው። ድሮ ሰው ሲካሰስ የከሳሽና የተከሳሽ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፤ ያን ቋጠሮ ፈትቶ መሮጥ ትልቅ ነውር ነበር። እኔ የሰማሁት ከአያቴ ነው። ሳጅኑም ከአያቱ ሳይሰማው አልቀረም፤ የተዘረጋውን ጫፍ እያየ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

"በዚህ ጊዜ ዳኛ ከየት ነው የማመጣልህ?" አለ።

"እንግዲያው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።"

ከጀርባው ግድግዳ ጥግ፣ ከአለቱ ላይ፣ የዛገ የብረት ቀለበት ተተክሎ ነበር። የጋቢያቸውን ጫፍ ከዚያ ቀለበት ጋር ቋጠሩት። ከዚያ እኛን ሁሉ ሲከለክሉን በከረሙት ግድግዳ ላይ፣ በቀዳዳዋ ልክ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ምን እያደረጉ እንዳሉ ከእኛ ሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። 

"አንሡልኝ!" አለ ሳጅኑ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ፣ አንተ ልጅ ነህ። ጎትተህ አንሣቸውና ግድግዳውን ጨርስ። ነገ ባጃጅህ ላይ ነህ፤ እኔ እናገርልሃለሁ።"

እግሬ ፍሬን ረገጠ። ባጃጄ በዓይኔ መጣች፤ ከገበያው ወደ መነኸሪያው የሚወስደው ቁልቁለት፣ ፊት የሚመታው ነፋስ፣ የጉም ሽታ። ያን ቀን ስለ ነፃነት የማውቀው ነገር ይኸው ብቻ ነበር፤ መንቀሳቀስ። ሽማግሌው አላዩኝም። አንድም ቃል አልለመኑኝም። ቢለምኑኝ ይቀለኝ ነበር።

ድጅኖውን አስቀመጥኩ። ጃኬቴን አወለቅኩና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጅጌዋን ከሌላኛው የጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ቋጠሮው እንቢ ብሎኝ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ያጠበቁልኝ። አባቴን የሚያህል ሰው መሬት ለመሬት ጎትቼ በማግሥቱ ባጃጅ ላይ "የት ልውሰዳችሁ?" ብዬ መቀመጥ አስጠላኝ። ከዚያ በላይ ምክንያት አልነበረኝም።

"ግሩም ነው!" አለ ካቦው። "አንድ እብድ ነበረኝ፣ ሁለት ሆኑልኝ።" ይህን እያለ ያን ሰፊ ሰውነቱን አምጥቶ በእኛና በሳጅኑ መሐል ዘረገፈው።

ሳጅኑ ቆሞ አየን። ከዚያ "ነገ ማሽን አመጣለሁ፤ ከላይ አስቆፍሬ በርሜሎቹን አወጣለሁ" ብሎ በሩን ከውጭ ቀረቀረው። ድጅኖውንም፣ መኪናው ላይ የቀሩትን እስረኞችም ይዞ ሄደ።

ያ ቀን አልመሽ አለ። ሽማግሌው "እጅህን ታጠብ፣ አሁኑኑ፣ በሳሙና" አሉኝ። የነበረን ውኃ የሁላችን መጠጥ የሆነ አንድ ጀሪካን ነው። ካቦው አነሣው፣ ሰዉ አጉረመረመ፣ አንዱም "እኛ በጥማት እንሙት?" ብሎ ተነሣበት። ካቦው ክንዴን ይዞ ውኃውን አፈሰሰብኝ። ጭላጭ ሲቀረው ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ለኔ አይደርስም" አሉ። "ከተነሣሁ ቀዳዳው ይከፈታል። ለሚጠማው አስቀምጠው።"

"አባባ፣ ጀርባዎን ያቃጥልዎታል እኮ" አልኳቸው።

"አሁን ምንም አይል። ነገሩ ሌባ ነው፤ ገብቶ ነው የሚያቃጥል።"

ነገ የሚመጣውን ማሽን እያሰብኩ ተቁነጠነጥኩ። ከላይ መኪና ያለፈ በመሰለኝ ቁጥር ጣሪያውን አያለሁ። የማሽኑ አንድ ጥርስ ካረፈበት በርሜሎቹ ከእኛ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ በሩ ደግሞ የሚከፈተው ከውጭ ነው። መመላለስ አልችልም፤ ጃኬቴ ተቋጥሯል። ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጬ የዋልኩት ያን ቀን ነው። ሽማግሌው ስለ ባጃጅ ይጠይቁኛል፤ በሦስት እግር እንዴት እንደማትገለበጥ፣ ዳገት እንዴት እንደምትወጣ። ስመልስላቸው ጭንቀቴ ትንሽ ይረግብና እንደገና ይመለሳል።

ጠዋት አንጓዬ ላይ ፊኛ የሚያህል ውኃ የቋጠረ ነገር ወጥቶ አገኘሁት። ካቦው ጋቢውን ከፍ አድርጎ የሽማግሌውን ጀርባ አየና ቶሎ መልሶ ሸፈነው። ያን ጊዜ የሁሉም ሰው ዓይን ወደ ጣሪያው ሄደ። ማሽን እንጠብቃለን።

በሩ ሲከፈት ግን ማሽን አልነበረም። ሳጅኑ ብቻውን ገባ። ክንዱ በፎጣ ተጠቅልሏል፣ ዓይኑ ሽንኩርት ሲከትፍ እንዳደረ ሰው ቀልቷል። ፖሊሶቹን "ራቅ በሉ" አላቸውና ከሽማግሌው ፊት ቁጢጥ አለ።

"አባባ" አለ። "ይሄ ነገር ምን ይደረግለታል?"

"እኔ መድኃኒቱን አላውቅም፣ ልጄ። ሐኪም ቤት ሂድ።"

"ሐኪሙን ምን እለዋለሁ?"

"እውነቱን ነዋ።"

ሳጅኑ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። "እውነቱን ከተናገርኩ እኮ... ወሬ ነዛህ ይሉኛል።"

ሽማግሌው ያን ሳልና ሳቅ የተቀላቀለበት ድምፃቸውን አሰሙ። ከዚያ እያመማቸው ትንሽ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት።

"እንግዲያው ና፣ ተቀመጥ" አሉት። "ጋቢው ገና ጫፍ አለው።"

መጀመሪያ የሳቀው ካቦው ነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ያን ሁሉ ቀን አፍነነው የዋልነው ፍርሃት በሳቅ ወጣ። ሳጅኑ ጭንቅላቱን በደህናው እጁ ይዞ መሬት መሬቱን አየ። አልተቀመጠም። አልተቆጣምም።

በዚያው ዕለት አወጡን። ሽማግሌው ግን ቀዳዳው ካልተደፈነ አልነሣም አሉ፤ ሳጅኑ ራሱ ጭቃ አስቦክቶ አስመጣ። ካቦው አፉን በጨርቅ አስሮ፣ እጁን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ደፈነው። ሦስታችንን ጤና ጣቢያ ሲወስዱን ሳጅኑ "የፈላ ውኃ ነው" አለ። ሐኪሟ የኔን አንጓ፣ የሽማግሌውን ጀርባና የሱን ክንድ በየተራ አየችና "ፖሊስና እስረኛ አንድ ድስት ነው እንዴ የምትጥዱት?" አለች። 

ከዚያ በኋላ ያቆዩን በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። መስኮት ነበረው። አንድ ቀን ሳጅኑ መጣና ከአለቆቹ መልእክት ይዞ እንደመጣ ለሽማግሌው ነገራቸው። ሕዝብ ፊት ቆመው "ተሳስቻለሁ፣ ኮረብታው ውስጥ ምንም የለም" ካሉ በማግሥቱ ቤታቸው ይገባሉ። ሲናገር ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። የቆሰለው ክንዱ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል።

"አንተስ ምን ትላለህ?" ብለው ጠየቁት።

"እኔ የተላክሁትን ነው የማደርስ፣ አባባ።"

"እንግዲያው የኔንም አድርስልኝ። እኔ የለም ያልኩ ቀን እነዚያ የሼዱ ልጆች ዶማቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቤቴን እወዳለሁ፤ በዚህ መንገድ ግን አልገባበትም።"

እኔን ከእሳቸው በፊት ፈቱኝ። ጃኬቴ ተቃጥላ ተጥላ ስለነበር በሸሚዝ ነበርኩ። ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል ጆሮዬን ያዝ አደረጉኝ።

"አንተ አፍህ አያርፍም አሉ።"

"እውነታቸውን ነው፣ አባባ።"

"እንግዲያው ሥራ ስጠው።"

እሳቸው ብዙ ቆይተው ተፈቱ። "ምንም የለም" የሚለውን ቃል ከአፋቸው ማንም አላወጣም። ሼዱ ሌላ ቦታ ተሠራ፤ በመርዙ ምክንያት ነው ያለ ባለ ሥልጣን ግን የለም፤ ቦታው አልተመቸም ነው የተባለው። ኮረብታው ላይ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ ተተከለ፤ መጋዘኑም በሩ በብረት ተበየደ። ሽማግሌው ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ያጠቧቸው ሰዎች ስለ ጀርባቸው ጠባሳ ሲያወሩ ሰምቼ ከሰው ራቅ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ሚኒባስ ነው የምነዳው፤ ከዳንግላ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ዳንግላ። እዚያ ኮረብታ ጋ ስደርስ ፍጥነት እቀንስና ለተሳፋሪው እናገራለሁ። ጣሊያን ምን እንዳስቀመጠ፣ ማን እንዳገደው፣ ለምን መቆፈር እንደሌለበት። አንዳንዱ ያዳምጣል፣ አንዳንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዳንዱም "ሹፌር፣ መንገዱን እያየህ!" ይለኛል። ሰዉ ሲሰለቸው እንኳ አላቆምም። እንጅባራ ዝናብ አያጣትምና አንጓዬ በየጊዜው ያሳክከኛል፤ ብረሳውም ያስታውሰኛል። መንግሥት ይለዋወጣል፣ ዘበኛ ይለዋወጣል፣ በርሜሉ ግን እዚያው ነው። አንድ ሰው ሳይሰማ ቀርቶ ድጅኖ ያነሣ ይሆናል የሚለው ስጋት እስካሁን እንቅልፍ ይነሣኛል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከዳንግላ ስወጣ ጋቢና አጠገቤ አንድ ሰው ተቀመጠ። ፀሐይ ነበር፤ የሸሚዙ እጅጌ ግን እስከ አንጓው ተቆልፏል። ፖሊስነቱን ከተወ ቆይቷል። አወቅኩት፣ አወቀኝ፤ ሰላምታም አልተሰጣጣንም። ኮረብታው ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ ፍጥነት ቀነስኩ። አፌ ግን አልከፈት አለኝ። እሱ በተቀመጠበት መናገር ሰው ፊት መክሰስ መሰለኝ።

"ምነው ዛሬ ዝም አልክ?" አለኝ። "ሁልጊዜ እንደምትናገር ሰምቻለሁ።"

መሪውን ጨበጥኩ። እሱ ወደ ኋላ ዞረ።

"ወገኖቼ" አለ፣ በዚያው ሰውን በሚያዝዝበት የድሮ ድምፁ። "ይህን ኮረብታ እዩልኝ። ውስጡ መርዝ ነው። በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ።" እጅጌውን ፈታና ክንዱን አሳያቸው። የሽማግሌውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው፤ "አንተ" ብሎ የተናገራቸውን እንኳ አልተወም። ስልኩን የሚነካካ ሰው አልነበረም።

እንጅባራ ስንደርስ ዝናብ ጀምሯል። ወረደና በሩን ይዞ ቆመ።

"ይኸው እኔም ወሬ ነዛሁ" አለኝ።

"ጋቢው ጫፍ ነበረው እኮ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እጅጌውን ሳይቆልፍ ዝናቡ ውስጥ ገባ።